ሦስት ምስክር

መታወቂያዬ ላይ ያለው ቤት የለም፤
የምኖርበት ቤት መታወቂያዬ ላይ የለም።
ከዶሮ ማነቂያ በታች የነበረች ያቺ ቤት፣
ቁጥሯ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣
ዛሬ ሣር ናት፣ መብራት ናት፣
ማታ ማታ ሙሽራ ፎቶ የሚነሣባት።

እኔ እዚህ ነኝ፣ የካ አባዶ፣
ብሎክ ሁለት መቶ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ስቱዲዮ ከሦስት ልጆች ጋር ተጋርቼ፤
ቀን ባጃጅ እነዳለሁ፣ ማታ ውሃ እጠብቃለሁ።
ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ነው፣ ያውም ከመጣ።

ምዝገባው ዓርብ ያበቃል አሉ።
ኮሚናሉን ነው የያዙት፣
ግድግዳው በሠርግና በለቅሶ ጢስ የጠቆረውን፤
በሬ በሚታረድበት ወለል ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ
ስምቦ ተቀምጣለች፣
በየጠዋቱ የምትሳፈረኝ፣ ዝርዝር የማታጣው።

«መታወቂያ?» ሰጠኋት። ገለበጠችው።
«ይሄ ሰፈር…»
«ፈርሷል።»
«መሸኛስ?»
«ፋይሌ ሲጓዝ መንገድ ላይ ቀርቷል።»
«አከራይህ ደብዳቤ ይጻፍልህ።»
«ደብዳቤ ስለው ኪራይ ይጨምራል።»

ቤት ስገባ ልጆቹ ሣቁብኝ።
ሙሴ ከስልኩ ቀና ሳይል፣
«ውሃ ቢሮ ሄደን ስንጮህ ድምፃችን ምን ሆነ?» አለ።
ይትባረክ፣ «በቃ ሂድና ሊፍት ምረጥልን» አለ፤
ሊፍት የሌለው ሕንጻ ነው። እኔም ሣቅኩ።
ምን እመልሳለሁ?

ግን እናቴ አለች፤
የዘጠና ሰባቱን ሰልፍ ደጋግማ ታወራለች።
እኔን በሆዷ ተሸክማ፣ ሌሊቱን ተነሥታ፣
ምጥ ያዛት እዚያው ቆማ፣ በፀሐይ ተመትታ፤
ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ፣
ማን እንደሆነች ሳይጠይቅ «እሷ ትቅደም» አለ።
መርጣ ነው ሐኪም ቤት የሄደችው፤
መጀመሪያ ያንን፣ ቀጥሎ እኔን የወለደችው።
ሰልፉን ሺህ ጊዜ ነግራኛለች።
ከሰልፉ በኋላ የሆነውን ግን…
እዚያ ስትደርስ ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች።

ዓርብ ጠዋት ስምቦ ከባጃጄ ስትወርድ
ሳንቲሟን መዳፌ ላይ እየቆጠረች፣
«ሦስት ምስክር» አለችኝ፣ «እዚህ መኖርህን የሚያውቅ።»

ሦስት ሰው!
ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን የጠራ የለም፤
«ማነህ ባጃጅ» ነኝ፣
«ማነህ ባጃጅ፣ አደባባዩ ጋ አውርደኝ።»
ዘበኛው ጋሽ አሰግደው መጡ፣ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው።
ድንች ቀቅላ የምትሸጠው ዘርትሁን መጣች፤
«ዱቤ አለብኝ እኮ እሱ ላይ፣ እንዴት አላውቀውም!» ብላ ፈረመች።
ሦስተኛው ጠፋ።
መዝገቡ ሊዘጋ ሲል የአምስተኛ ፎቁ ሽማግሌ
ግንቡን እየዳበሱ ወረዱ፤
ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል።
«ስሙን አላውቀውም» አሉ።
ስምቦ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሣች።
«እግሩን ግን አውቀዋለሁ። ማክሰኞ ማታ ይከብዳል፤
ሦስተኛው ላይ አንዴ ያርፋል፣
ጀሪካኑን በሬ ላይ አስቀምጦ ሳያንኳኳ ይወርዳል።
እዚህ ነው የሚኖር። ጻፊ።»
ጻፈች።

የምርጫው ዕለት ዘነበ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።
ሽማግሌው ባዶ ጀሪካኔ ላይ ተቀመጡ፤
ሰልፉ ሲላወስ ይነሣሉ፣
በእግሬ ገፋ አደርገዋለሁ፣
ይቀመጣሉ።
ሙሴም መጣ። ካርድ የለውም።
«ለማየት ነው» ብሎ ጃንጥላ ያዘልን።
መጋረጃው ውስጥ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል።
ማንን እንደመረጥኩ አልናገርም፤
ወረቀቱ ግን ኮሮጆው አፍ ላይ እንቢ አለኝ፣
እንደገና አጠፍኩት።

ማታ እናቴ ከገላን ደወለች።
ማን አሸነፈ አላለችም።
«ሰልፉ እንዴት ነበር?» አለች።
«ረጅም ነበር» አልኳት።
ዝም አለች። ከስልኩ ማዶ ዕቃ ሲንኳኳ ሰማሁ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።
ኮሚናሉ በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ዝናብ አርሶታል፤
ቀለሙ ጥፍሬ ሥር ገና አለ፣
መልስ ስሰጥ ሰው ያየዋል።
ውሃው መጣ፣ ቀጭን ሆኖ።
ተሸክሜ ወጣሁ፣ ሦስተኛው ላይ አረፍኩ፤
አምስተኛው በር ላይ ቀስ ብዬ ሳስቀምጥ
ከውስጥ፣ «አንተ ነህ?» አሉኝ።

ሁሌ ዝም ብዬ ነበር የምወርደው።
«እኔ ነኝ» አልኩ፣ «ባንተይርጋ እባላለሁ።»